ትንሿ ካሜራ በጎንደር፦ መቼ ይተዉላት፣ መቼ ይከልክሏት

ኪስ የምትገባ ዲጂታል ካሜራ አብዛኛውን ሥራ የምትሠራው በራሷ ነው። ብርሃኑን ትለካለች፣ ርቀቱን ትወስናለች፣ ፍላሽ ያስፈልጋል አያስፈልግም ብላም ትቆርጣለች። በጠራ ቀን ፒያሳ ላይ ቆሞ ለሚያነሳ ሰው ይህ ይበቃዋል። ነገሩ የሚበላሸው ጨለም ያለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ነጭ በለበሰ ሕዝብ መሀል፣ ወይም ዕጣን በሚጨስበት ቤት ነው። እዚያ ላይ ውሳኔውን ከእጇ መንጠቅ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግሉት ቁልፎች ደግሞ ከሦስት ከአራት አይበልጡም።

በመጀመሪያ ማንሻው። ይህ ቁልፍ ሁለት ደረጃ አለው። በአንድ ጊዜ ጠቅ ካደረጉት ካሜራዋ ርቀቱን ሳትለካ ታነሳለች፣ ወይም ለመለካት ስትዘገይ ሰውየው ፊቱን ያዞራል። ግማሽ ድረስ ጫን አድርገው ይቆዩ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ሳጥን አረንጓዴ ሲሆን ጨርሰው ይጫኑ። ሳጥኑ ብልጭ ድርግም ካለ ወይ በጣም ተጠግተዋል፣ ወይ ጨለማ ነው፣ ወይ ያነጣጠሩት ልሙጥ ግድግዳ ላይ ነው። ለመጀመሪያው የአበባ ምልክቱን ያብሩ። ለቀሩት ጠርዝ ያለው ነገር፣ የመስኮት ወይም የልብስ ጫፍ ይፈልጉ። ሰውየው ዳር እንዲሆን ከፈለጉ ፊቱን መሀል አድርገው ግማሽ ይጫኑ፣ ጣትዎን ሳያነሱ ካሜራዋን ወደ ጎን ያዙሩ፣ ከዚያ ይጨርሱት።

ዙሙን ሲስቡ ስክሪኑ ላይ የሚሄደውን መስመር መሀል ላይ የምትከፍል ትንሽ ምልክት አለች። እስከዚያች ድረስ የሚሠራው ሌንሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዲጂታል ዙም ነው፤ የተነሳውን ቆርጦ መለጠጥ እንጂ ምንም አይጨምርም፤ ሜኑ ውስጥ ገብተው ያጥፉት። እውነተኛው ዙምም ዋጋ ያስከፍላል። ሌንሱ በረዘመ ቁጥር የሚያስገባው ብርሃን ያንሳል፣ የእጅ መንቀጥቀጥም ይጎላል። ስለዚህ መሸትሸት ሲል ዙሙን ይተዉና በእግርዎ ይጠጉ።

ጥምቀትን ማንሳት ከሁሉ ይከብዳል። ለካሜራዋ ዓለም ሁሉ አመድማ ነው፤ ያየችውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ልታመጣው ትታገላለች። ጥር 11 ጠዋት ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ ሕዝቡ ነጠላውንና ጋቢውን ለብሶ ሲቆም ነጩ ስክሪኑን ይሞላዋል። ካሜራዋ «ብርሃኑ በዛ» ብላ ታጨልመዋለች፤ ነጠላው አመድ ይመስላል፣ የሰዎቹም ፊት ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው። ቁጥሩ በሲሶ በሲሶ ይወጣል፤ ወደ +0.7 ከፍ ያድርጉት፣ አንድ አንስተው ይዩ፣ ፊቱ ገና ከጨለመ +1 ያድርጉ። ነገር ግን ፀሐይ በቀጥታ ነጠላው ላይ ካረፈች ፊቱ ሲታይ ጥለቱና ክሩ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። አንዲት ትንሽ ካሜራ ሁለቱንም አትችልም። ሰውየውን ከገንዳው ዙሪያ ካሉት ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ማቆም ከየትኛውም ቁልፍ ይሻላል። ሲጨርሱ ቁጥሩን ወደ 0 መመለስ አይርሱ፤ ብዙ ካሜራዎች ቢጠፉም ይህን ይዘው ይቆያሉ፣ በነጋታው ያነሱት ሁሉ ገርጥቶ ይወጣል።

ፍላሽ ሌላው የተሳሳተ ተስፋ ነው። የዚህ ዓይነት ካሜራ ፍላሽ የሚደርሰው ሦስት ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ሳይባረክ ገና ጎሕ ሲቀድ ከገንዳው ወዲያ ማዶ ያሉትን ካህናት በፍላሽ የሚያነሳ ሰው የሚያገኘው ከፊቱ የቆመውን ሰው ማጅራት ነው። ያጥፉት፣ አይኤስኦውን (ካሜራዋ ለብርሃን ያላትን ንቃት የሚወስነውን ቁጥር) ወደ 800 ያውጡት፣ ክርንዎን ከደረትዎ ያጣብቁ ወይም አጥሩ ላይ ይደገፉ። ፍላሽ የሚጠቅመው፣ እንግዳ ቢመስልም፣ በቀትር ነው። ጥላ የያዘ ቄስ ወይም ባርኔጣ ያደረገ ሰው ፊቱ ሲጨልም የመብረቁን ምልክት «ኤ» ከሌለበት ላይ ያድርጉት፤ ያን ጊዜ ሁልጊዜ ይበራል። ቡና ሲፈላ ግን ፍላሽ አይነካም። የዕጣኑ ጭስ ብርሃኑን መልሶ ነጭ ደመና ያደርገዋል፣ ጀበናዋም አትታይም። ፍላሹን አጥፍተው ረከቦቱን በር ወይም መስኮት አጠገብ ያድርጉ፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ጭሱ ራሱ ያምራል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍላሽ ክልክል ነው፤ ሥዕሉን እንዳይጎዳ። ጣሪያው ላይ በሰልፍ የተሣሉትን ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች አንጋጦ በእጅ ማንሳት ደግሞ አይሳካም፤ ቤቱ ጨለም ስለሚል ካሜራዋ ረዘም ላለ ጊዜ ትከፈታለች፣ እጅም ይንቀጠቀጣል። አስጎብኚውን ወይም አገልጋዩን ያስፈቅዱና ካሜራዋን በጀርባዋ ወለሉ ላይ ያስተኟት፣ ሌንሷ ወደ ላይ ይሁን። አይኤስኦውን 200 ያድርጉት፣ ሰዓት ቆጣሪውን በ2 ሴኮንድ ይሙሉት፣ ተጭነው እጅዎን ያንሱ። ሥዕሉ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ለፋሲል ግንብ ብዙ ምክር አያስፈልግም። ጠዋት ወይም ማታ ፀሐይ ጎን ለጎን ስትመታ ድንጋዩ ይደምቃል። ከሥሩ ቆመው ካሜራዋን ቀና ካደረጓት ግንቡ ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል፤ ወደ ኋላ ይራቁ።

ባትሪ። ሊቲየም ባትሪ አንዴ ሞልቶ 200 ወይም 300 ፎቶ ያነሳል። ጨርሶ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም፤ መብራት ባለበት ሰዓት ግማሽም ቢሆን ይሙሉት፣ አይጎዳም። በድንጋይ የምትሠራ ካሜራ ከሆነች ተራ ድንጋይ ጥቂት አንስቶ «ባትሪ አልቋል» ይላል፤ ካሜራዋ ባንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ስለምትስብ ነው። ቻርጅ የሚደረግ ይግዙ። በደባርቅ በኩል ሰሜን ተራሮች ለሚወጣ ሰው ብርዱ ባትሪውን ያደክመዋል፤ ሌሊት ከጋቢዎ ሥር ይዘውት ይተኙ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ፊት «አልቋል» ካለዎትም አውጥተው በመዳፍዎ ያሙቁት፣ ጥቂት ፎቶ ይጨምርልዎታል።

ሚሞሪ ሲገዙ የካሜራዋን ዕድሜ ይዩ። በጣም የቆየች ከ2 ጊጋባይት በላይ አታነብም፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት ብዙዎቹ እስከ 32 ይቀበላሉ። 10 ሜጋፒክስል የሆነ ፎቶ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይይዛል፣ ስለዚህ 8 ጊጋ ከበቂ በላይ ነው። ፎርማት የሚደረገው ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ካሜራዋ ውስጥ ነው፤ ፎቶዎቹን አስቀድመው ይገልብጡ። ፎቶ ቤት ከመስጠትዎ በፊት በካርዱ ግራ ጎን ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች ይሳቧት፤ አብዛኛው ካርድ ሪደር ይታዘዛታል፣ ቫይረስም አይገለበጥብዎትም። ሲመለስ መክፈት ከረሱ ካሜራዋ «ተቆልፏል» ብላ እንቢ ትላለች። አልተበላሸችም።

ሌንሱ ወጥቶ አልመለስ ካለ በእጅ አይግፉት፤ ጥርሱ ይሰበራል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አቧራ ነው፣ ወይም ኪስ ውስጥ ሳለች ተጭናችሁባት ሌንሱ ተገፍቷል። ባትሪውን አውጥተው ጥቂት ይቆዩ፣ የሞላ ባትሪ ያስገቡ፣ በሌንሱ ዙሪያ ያለውን ክፍተት በጎማ መንፊያ እፍ ይበሉ፣ አፉን ወደ ታች አድርገው ይክፈቷት። መስታወቱን ሲጠርጉም አስቀድመው አቧራውን እፍ ይበሉ፣ ያለዚያ ጨርቁ ይቧጭረዋል። በፍላሽ የተነሳ ፎቶ ላይ የሚታዩት ክብ ነጠብጣቦች ግን የሌንስ ችግር አይደሉም፤ አየር ላይ ያለው አቧራ ነው።

ሰዓቱን ሲሞሉ ያስቡበት፦ ካሜራዋ የምታውቀው የፈረንጁን ቀን ነው፣ ሰዓቱም ከእኛው በስድስት ይለያል። ቀኑ ፎቶው ላይ እንዳይታተም ያጥፉት፤ አንዴ ከታተመ አይለቅም፣ ፋይሉ ውስጥ ግን ያለዚያም ተመዝግቧል።

ሊያሳጥቡት ከሆነ ደግሞ ይህችን ይወቁ። ካሜራዋ የምታነሳው ፎቶ ወርዱ ከቁመቱ ጋር 4 በ3 ነው፣ የፎቶ ቤቱ ወረቀት ግን 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ነው። ፎቶው ወረቀቱን እንዲሞላ ሲደረግ ከላይና ከታች ተደምሮ ከዘጠኝ አንድ እጁ ይቆረጣል፤ የሠርግ ፎቶ ላይ የሚዜዎቹ ፀጉር የሚጠፋው በዚህ ነው። ሜኑ ውስጥ 3 በ2 ካለ ከመጀመሪያው ያንን ይምረጡ። ከሌለ ከራስ በላይና ከእግር በታች ሁለት ጣት ያህል ባዶ ይተዉ።