የልብስ ማድረቂያ ማሽን ሲያዘገይ፣ ሲጮህና ማሞቅ ሲያቆም

የልብስ ማድረቂያ ማሽን አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩ በርሜሉንና ፋኑን ያሽከረክራል፣ ማሞቂያው አየሩን ያግላል፣ የጋለው አየር በእርጥቡ ልብስ መካከል አልፎ እርጥበቱን ተሸክሞ ይወጣል። አየሩ መውጫ ካጣ ማሞቂያው የቱንም ያህል ቢግል ልብሱ በራሱ እንፋሎት ይታፈናል እንጂ አይደርቅም። ስለዚህ ማሽኑ ሲያስቸግር ካቻቪቴ ከማንሳት በፊት አየሩ የሚሄድበትን መንገድ ከማጣሪያው እስከ መውጫው ድረስ መከተል ይቀድማል። አብዛኛው ችግር የሚገኘው እዚያ ነው።

ማጣሪያው

ማጣሪያው ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ይጸዳል። በሳምንት አንዴ ማጽዳት አይበቃም። የጨርቅ ብናኝ ደረቅና ቀላል ስለሆነ በትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠላል፤ በማድረቂያ ማሽን የሚነሳ እሳት ዋነኛ ማገዶውም እሱ ነው። ብናኙን በእጅ ጠቅልሎ ማንሳት ቀላል ነው። የማይታየው ግን የልብስ ማለስለሻ በወንፊቱ ላይ የሚተወው ስስ ቅባት ነው። ማጣሪያው ንጹሕ ይመስላል፣ አየር ግን አያሳልፍም። ለማረጋገጥ ወንፊቱን ከቧንቧ ሥር ይያዙት፤ ውሃው ወዲያው ካላለፈና ላዩ ላይ ካቆረ ቅባት ይዞታል ማለት ነው። ለብ ባለ ውሃ፣ በጥቂት የዕቃ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈግፍጉት፣ ያለቅልቁት፣ ፈጽሞ ሲደርቅ ይመልሱት። ወንፊቱ ከተቀደደ ይቀየር፤ በቀዳዳው የሚያልፈው ብናኝ ፋኑና ማሞቂያው ላይ ይከማቻል። ማጣሪያው የሚገባበትን ክፍተትም በቀጭን የአቧራ መምጠጫ አፍ አልፎ አልፎ ይምጠጡት።

ቱቦው

እርጥቡን አየር ወደ ውጭ የሚጥል ማሽን ከሆነ ከኋላው ቱቦ አለው፤ ብዙ ጊዜ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። የተሻለው ውስጡ ለስላሳ የሆነ ጠንካራ የብረት ቱቦ ነው። ፕላስቲክና ስስ ፎይል ቱቦ ይጨማደዳል፣ በእጥፋቱ ውስጥ ብናኝ ያጠራቅማል፣ እሳት ቢነሳም አይቋቋምም። መጋጠሚያዎቹን በፎይል ፕላስተር ያሽጉ፤ ጫፉ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ቡሎን ብናኝ እየያዘ ቀስ በቀስ ቱቦውን ይደፍነዋል። ቱቦው በአጠረና በቀና ቁጥር ማሽኑ ይቀለዋል። አንድ ባለ 90 ዲግሪ ጎሚቶ (የቱቦ መታጠፊያ) አየሩን የሚያደክመው 1.5 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ቱቦ እንደተጨመረ ያህል ነው። ማሽኑን ወደ ግድግዳ ሲገፉም ቱቦው እንዳይታጠፍ ይጠንቀቁ፤ ይህ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥም ስሕተት ነው።

ቱቦውን ቢያንስ በዓመት አንዴ ይንቀሉና በረጅም ብሩሽ ከሁለቱም ጫፍ ይጥረጉት። ውጭ ያለው መክደኛ ማሽኑ ሲሠራ በደንብ መከፈት አለበት። የወፍ ጎጆና የተጋገረ ብናኝ አለመኖሩንም ይመልከቱ። መውጫው ላይ የወንፊት መረብ ከተደረገበት አንሱት፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይደፈናል።

ውሃውን በገንዳ የሚያጠራቅሙ ማሽኖች

እነዚህ ቱቦ የላቸውም፤ እንፋሎቱን ወደ ውሃ ይለውጡታል። ገንዳው ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ይደፋል። ከታች በኩል ያለው፣ እንፋሎቱን ወደ ውሃ የሚለውጠው ማቀዝቀዣ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ በወር አንዴ ያህል አውጥተው ውሃ ያፍስሱበት፣ ዙሪያውን ያለውን ጓርኒሲዮን (የጎማ ማሸጊያ) በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ሲመልሱት መቆለፊያዎቹ ሙሉ በሙሉ መዞራቸውን ያረጋግጡ። ሳይቆለፍ ከቀረ እንፋሎቱ ወደ ክፍሉ ይወጣና ግድግዳው ያልበዋል። በሂት ፓምፕ (እንደ ፍሪጅ በኮምፕረሰር ሙቀትን ከቦታ ወደ ቦታ በሚያዛውር ዘዴ) የሚሠራው ማሽን ማቀዝቀዣ ብዙ ጊዜ አይወጣም። ስስ የብረት ክንፎቹ በቀላሉ ይጣመማሉ፣ እጅም ይቆርጣሉ፤ ለስላሳ ብሩሽ ባለው የአቧራ መምጠጫ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይጥረጉ። ገንዳው ባዶ ሆኖ ሳለ «ሞልቷል» የሚል ምልክት ከመጣ ችግሩ ተንሳፋፊው ወይም ፓምፑ ነው፤ ሁለቱንም ብናኝ ይይዛቸዋል።

ሂት ፓምፕ ማሽን በጎኑ ተኝቶ ከተጓጓዘ ወዲያው አይሰካም። የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቦታው እስኪመለስ መመሪያው የሚያዘውን ሰዓት ቆሞ ይቆይ።

ልብሱ ሳይደርቅ ማሽኑ ሲያቆም

እርጥበት የሚለካ ማሽን በርሜሉ አካባቢ ሁለት የብረት ዘንጎች አሉት። እርጥብ ልብስ ሁለቱን ሲነካ ትንሽ ኤሌክትሪክ በመካከላቸው ያልፋል፤ ማለፉ ሲቀንስ ማሽኑ «ደርቋል» ብሎ ያቆማል። ዘንጎቹን የማለስለሻ ቅባት ከሸፈናቸው ማሽኑ ይታለላል። በአልኮል ወይም በአቼቶ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጓቸው፤ በብረት መፋቂያ አይፋቁ። ሁለት ሦስት ልብስ ብቻ ማስገባትም ያው ችግር ያመጣል፤ ልብሱ ዘንጎቹን እምብዛም አይነካም። ያኔ በሰዓት የሚቆጠረውን ፕሮግራም መጠቀም ይሻላል።

በጣም ሲያዘገይ ደግሞ ልብሱ ከማጠቢያው ምን ያህል ተጨምቆ እንደወጣ ይመልከቱ። ውሃ የሚንጠባጠብ ልብስ ማሽኑን ያደክማል፤ በከፍተኛ ፍጥነት እንደገና ማስጨመቁ ከማድረቁ ያነሰ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ከዚያ ቱቦውን ከማሽኑ ይንቀሉና እርጥብ ልብስ አስገብተው ለ15 ደቂቃ ያህል ይሞክሩ። ያለ ቱቦ በደንብ ካደረቀ ችግሩ ቱቦው ነው። በጋዝ በሚሠራ ማሽን ላይ ግን ይህን አያድርጉ፤ የተቃጠለው ጋዝ ቤት ውስጥ ይቀራል።

በርሜሉ እየዞረ ሙቀት ከሌለ

መጀመሪያ ፕሮግራሙ «ያለ ሙቀት» ላይ አለመሆኑን ይዩ። በሁለት መስመር ኃይል የሚያገኝ ማሽን ከሆነ አንደኛው ብሬከር ብቻ ወድቆ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ ይዞራል፣ ማሞቂያው ግን አይሠራም። ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ አጥፍተው መልሰው ያብሩ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) የሚሠራ ነው። ስፒናውን ይንቀሉ፣ ማሽኑ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ የኋላውን ክዳን ይፍቱ። የሙቀት ፊውዙን (ሙቀት ከልክ ሲያልፍ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠውን) አንዱን ሽቦ ነቅለው ሲለኩት ንባቡ ወደ 0 ኦም ከተጠጋ ደህና ነው፤ መስመሩ ከተቋረጠ ተቃጥሏል። የማሞቂያው ሬዚስታንስ ንባብ ደግሞ በስሌት ይገኛል፦ ቮልቱን በራሱ አባዝተው ለዋቱ ያካፍሉ። በ230 ቮልት 2,500 ዋት የሆነ ማሞቂያ 21 ኦም ያህል ያሳያል። ከማሞቂያው ጫፍ ወደ ማሽኑ ቆርቆሮ ሲለኩ ምንም መታየት የለበትም፤ ከታየ የማሞቂያው ሽቦ አካሉን ነክቷል፣ ማሞቂያው ይቀየራል።

የተቃጠለ ፊውዝ ቀይሮ መተው ግን ሥራውን ግማሽ ላይ ማቆም ነው። ፊውዙ የሚቃጠለው ሙቀቱ ከልክ ስላለፈ ነው፤ ሙቀቱ የሚያልፈው ደግሞ አየር ስለታፈነ ወይም ቴርሞስታቱ (ሙቀቱን የሚቆጣጠረው) ስለተበላሸ። ፊውዙን በሽቦ አገናኝቶ ማሠራት ቤት ያቃጥላል፤ በፍጹም አይደረግ።

ሲጮህና አልዞር ሲል

ሞተሩ እየሠራ በርሜሉ ካልዞረ ቺንጋው (በርሜሉን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ) ተበጥሷል ወይም ወልቋል። በርሜሉን በእጅ ያዙሩት፤ ያለ ምንም ተቃውሞ ፍስስ ብሎ ከዞረ ቺንጋ የለም። አዲሱን ሲያስገቡ አሮጌው በርሜሉ ላይ የተወውን ዱካ ይከተሉ፤ ቺንጋውን የሚወጥረውን ፑሌጃም (ትንሹን መዘውር) አብረው ይፈትሹ፣ በእጅ ሲዞር የሚንቋቋ ከሆነ ይቀየር።

ሞተሩ እያጉረመረመ ካልተነሳ ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ሞተሩን የሚያስነሳው) ደክሞ ወይም ፋኑ ላይ ካልሲ ተጠምጥሞ ሊሆን ይችላል። ካፓሲተር ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል፤ ልምድ የሌለው ሰው አይንካው። ጨርሶ ድምፅ ከሌለ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ይሞክሩ፣ ቀጥሎ በሩ ሲዘጋ «ቀጭ» ማለቱን ያዳምጡ፤ ድምፁ ከጠፋ የበሩን ስዊች ይለኩ።

ቀጭን ሲጥሲጥታ ከፑሌጃው ወይም በርሜሉን ከሚሸከሙት ትንንሽ ጎማዎች ይመጣል። ዱብ ዱብ የሚል ድምፅ ጎማው በአንድ ጎኑ መላጡን ያሳያል፤ ለወራት ቆሞ የነበረ ማሽን ላይ ግን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተሰምቶ ሊጠፋ ይችላል። ብረት ብረትን የሚፍቅ ድምፅ ከሆነ የበርሜሉ ጠርዝ ላይ ያለው የሱፍ ማሸጊያ አልቋል፤ ቶሎ ካልተቀየረ በርሜሉን ራሱን ይበላዋል። ጎማዎቹንና ማሸጊያውን ዘይት አይቀቡ፤ ዘይት ብናኝ ይስባል።

ዘይት፣ ቤንዚን ወይም ቀለም ማቅጠኛ የነካው ጨርቅ ቢታጠብም ወደ ማድረቂያ አይገባም፤ የዘይት ቅሪት ማሽኑ ከቆመ በኋላም እየጋለ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ስፖንጅ ያለው ዕቃም እንዲሁ። ማሽኑን በመጨረሻው የማቀዝቀዣ ደቂቃ ላይ ካቋረጡት ልብሱን ሁሉ ወዲያው አውጥተው ይበትኑት፤ ተከምሮ ሙቀቱን እንዳያምቅ።