የቦልት ትሮወርን የመጀመሪያ አልበሞች ስትሰሙ እነዚህን አትሳሳቱ

ድሬ ላይ ሜታል የሚሰማ ሰው ብዙ አይደለም። ያለውም ዴዝ ሜታል፣ ማለትም በማጓራት የሚዘፈነው ከባዱ የሜታል ዓይነት፣ ሲነሳ ሞርቢድ ኤንጅልና ካኒባል ኮርፕስ የሚባሉትን ባንዶች ጠርቶ ያበቃል። በ1986 (እዚህ የምጠቅሰው ሁሉ የፈረንጅ ዓመት ነው) ከእንግሊዟ ኮቨንትሪ የተነሳውን ቦልት ትሮወር የተባለ ባንድ የሚያነሳ ከስንት አንዴ ነው። ሞክረው የተዉትን ብትጠይቋቸው «ሁሉም ዘፈን አንድ ነው» ይሏችኋል። አቦ፣ ችግሩ ባንዱ ጋ አይደለም፣ አደማመጡ ጋ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት በስልክ ስፒከር መስማት ነው። እነዚህ ሰዎች ጊታራቸውን ይቃኙ የነበረው ከተለመደው በጣም ዝቅ አድርገው ነው፤ የስልክ ስፒከር ደግሞ ያንን ወፍራም ድምፅ ጨርሶ አያወጣውም። የሚቀርላችሁ የሲምባል ጫጫታና አንድ የሚያጓራ ሰው ብቻ ነው። ታይዋን ገበያ ወርዳችሁ ደህና ኢርፎን ግዙ፣ ይበቃል። ግን ባሱን እስከ ጥግ አትክፈቱት፤ ከበሮውና ጊታሩ ይደበላለቁና ጭቃ ይሆንባችኋል። ቬንትሌተሩንም ለጥቂት ጊዜ አጥፉት። በግንቦት ሙቀት ይህን ማለት ግፍ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን የሱ ጉምጉምታ የሚሸፍነው ልክ ጊታሩ ያለበትን የታችኛውን ድምፅ ነው።

ሁለተኛው፣ «ከመጀመሪያው ልጀምር» ብሎ በ1988ቱ አልበም «ኢን ባትል ዜር ኢዝ ኖ ሎው» መግባት ነው። ቀረጻው ሻካራ ነው፤ ሙዚቃውም ገና ከፓንክ አልተላቀቀም። እኔ የምመክረው ከ1991ዱ «ዋር ማስተር» ጀምሮ ወደ ኋላ መመለስን ነው።

ሦስተኛው ስህተት ብዙ ሰው ያባረረው ነው፦ ፍጥነት መጠበቅ። ዴዝ ሜታል ማለት መሮጥ የሚመስለው ሰው «ዋር ማስተር»ን ሲሰማ ይሰለቻል። በ1989 በወጣው «ሪልም ኦፍ ኬኦስ» ላይ ገና ይሮጡ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሆን ብለው ቀነሱ። የደንገጎን ዳገት በአንደኛ ማርሽ የሚወጣ የጫነ ተሳቢ አይታችኋል? ፍጥነት የለውም፣ ግን ከፊቱ የሚቆም የለም። ሙዚቃው እንደዚያ ነው። አንዲ ዌል ከበሮውን በሁለት እግሩ ከስር ሲያንከባልል ጊታሮቹ ከላይ አንድ ሐረግ ይዘው ይደጋግማሉ፤ ስትጠብቁት አይቀየርም፣ «አሁንስ በቃ» ስትሉ ይቀየራል። ከሠላሳ ሰከንድ በኋላ ወደሚቀጥለው ዘፈን የሚዘል ሰው ይህ መቼም አይደርሰውም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አለ፦ ዘፈኖቹን አደባልቆ ማጫወት። «ሪልም ኦፍ ኬኦስ» ላይ ያለው «ወርልድ ኢተር» የተሸከመው የጊታር ሐረግ፣ «ዋር ማስተር» ላይ «ሴኖታፍ» በሚለው ዘፈን ተመልሶ ይመጣል፤ በ1992ቱ «ዘ ፎርዝ ክሩሴድ» ደግሞ «ኤምበርስ» ላይ ይቀጥላል። በ1998 «ፓውደር በርንስ» በሚለው ዘፈን ላይም እንደገና ብቅ ይላል። አራት ዘፈን፣ አራት አልበም፣ አንድ ክር። «ሁሉም አንድ ነው» የሚለው ሰው ሳያውቀው ትንሽ እውነት ተናግሯል፤ ያልገባው ነገር ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን ነው።

አምስተኛው በሽፋን መፍረድ ነው። እኛ ጋ ሜታል የሚባል ሁሉ «የሰይጣን ሙዚቃ» ነው። የአንዳንዱ ባንድ ግጥም በርግጥም ሃይማኖትን ይሳደባል፣ አልዋሽም። የነዚህ ርዕስ ግን ጦርነት ነው፤ «ሪልም ኦፍ ኬኦስ» ላይ ያለው ጭራቅ ሁሉ ከዋርሃመር ጨዋታ የመጣ ነው፣ የሽፋኑን ሥዕልም ያቀረበው የጨዋታው ባለቤት ጌምስ ወርክሾፕ ነበር። «ዘ ፎርዝ ክሩሴድ» ላይ ያሉትን መስቀል ጦረኞች አይቶ «ይሄ ሙስሊምን ለመንካት ነው» የሚልም አይጠፋም። ሥዕሉ የፈረንሳዊው ደላክሯ ነው፤ የሚያሳየው መስቀል ጦረኞቹ በ1204 ቁስጥንጥንያ ሲገቡ ነው። የዘረፏት ከተማ የክርስቲያን ከተማ ነበረች፤ በሥዕሉ ላይ ምሕረት የሚለምኑትም የሷ ነዋሪዎች ናቸው።

ጦርነትን ያወድሳሉ የሚለውም ክስ እንዲሁ ነው። በ1994ቱ «ፎር ቪክትሪ» ርዕስ ዘፈን ውስጥ ሎረንስ ቢንየን በ1914 ለሞቱ ወታደሮች የጻፈው ስንኝ ገብቷል። እንግሊዞች በየዓመቱ የጦር ሙታናቸውን ሲያስቡ የሚያነቡት ነው። ሐረር በ1941 ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ የወደቁ የኮመንዌልዝ ወታደሮች መቃብር አለ፤ ስንኙ የተጻፈው ለቀደመው ጦርነት ቢሆንም የሚነበበው ለነሱም ጭምር ነው። ይህን ፉከራ ብሎ የሚሰማ ሰው ግጥሙን አላነበበም።

«የወንድ ሙዚቃ ነው» ለሚሉት ደግሞ፦ ከ1987 እስከ መጨረሻው ባስ ጊታሩን የመታችው ጆ ቤንች ሴት ናት። አለቀ።

የቀረው የፋይል ጉዳይ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ብዙ ጊዜ ተጨምቆ ተጨምቆ የሳሳ ነው፤ ይህ ደግሞ ለዘፋኝ ድምፅ እንጂ ለእንዲህ ያለ ጊታር አይሆንም። በተረፈ «ሪልም ኦፍ ኬኦስ»ን በ2005 በሌላ ሽፋን የወጣ ታገኙ ይሆናል፤ የባንዱ አባላት ራሳቸው ያልወደዱት እትም ነው። ሥዕሉም የሥራው አካል ስለሆነ የ1989ኙን ሽፋን ፈልጋችሁ ያዙ። ዳታ ለመቆጠብ አንድ ብቻ የምታወርዱ ከሆነ ግን «ዋር ማስተር»ን አውርዱ።