እየሠሩ በመክፈል የጭነት መኪና ባለቤት መሆን፦ ለባሕር ዳር አሽከርካሪዎች

በባሕር ዳር መናኸሪያና ጋራዥ አካባቢ ሁልጊዜ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ለዓመታት የሰው መኪና ያሽከረከረ ሰው ሙሉውን ዋጋ በአንድ ጊዜ መክፈል ሳይችል የራሱ መኪና ሊኖረው ይችላል ወይ? ይችላል፤ መንገዱም «ሠርተህ ክፈል» ይባላል። አሽከርካሪው ቅድሚያ ከፍሎ መኪናውን ይረከባል፣ እየጫነ በየወሩ የተስማሙበትን ገንዘብ ለባለንብረቱ ያስገባል፣ የመጨረሻው ክፍያ ሲጠናቀቅም ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) ወደ ስሙ ይዞራል። እኔ በዚህ ዓይነት ውል ሁለት ጊዜ ገብቻለሁ። የመጀመሪያው መኪና በ14ኛው ወር ከእጄ ወጣ፤ ሁለተኛውን ከፍዬ ጨርሼ የራሴ አድርጌዋለሁ። ያሽከረከርሁት በአንድ መስመር፣ የጫንሁትም ተመሳሳይ ጭነት ነበር። ሁለቱን የለያቸው የመጀመሪያውን መኪና ወርኃዊ ክፍያ በጥር ገቢዬ፣ የሁለተኛውን ደግሞ በነሐሴ ገቢዬ ለክቼ መስማማቴ ነው።

ክፍያውን በደካማው ወር ይለኩ

የጣና ዙሪያ ጭነት ወቅት ያለው ጭነት ነው። ከኅዳር ጀምሮ የሜጫ በቆሎ ይወጣል፣ በወረታ የሚፈተገው የፎገራ ሩዝ ይጫናል፣ በጎንደር በኩል ከመተማ ሰሊጥ ይመጣል፤ በበጋው ደግሞ የፎገራና የቆጋ መስኖ ሽንኩርት ይደርሳል። በእነዚህ ወራት መኪና ፈላጊው ብዙ ስለሆነ የማጓጓዣ ዋጋው ይወጣል፣ አሽከርካሪውም ዓመቱ ሁሉ እንዲሁ የሚቀጥል ይመስለዋል። ሰኔ ሲጋመስ የገበሬው ጎተራ ይጎድላል፣ ወደ ቀበሌዎች የሚያስገባው መንገድ ይጨቀያል፣ ከአዲስ አበባ የሚመለሰው ሲሚንቶና ብረትም ግንባታ ስለሚቀዘቅዝ ይቀንሳል። ወርኃዊ ክፍያው ግን በክረምትም ያው ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም ውል ከመፈረምዎ በፊት የ12 ወር የጉዞ መዝገብ በእጅዎ ሊኖር ይገባል። አሁን በሚያሽከረክሩት መኪና እያንዳንዱን ጉዞ፣ የተከፈለውን፣ የወጣውንና ባዶ የተመለሱበትን ቀን በደብተር ይጻፉ፤ ይህን ሳያደርጉ የቆዩ ከሆነ በዚያው መስመር በተመሳሳይ መኪና ከሚሠራ የሚያምኑት ሰው ጋር ተቀምጠው ሐምሌና ነሐሴ እንዴት እንዳለፉ በዝርዝር ይጠይቁ።

ሒሳቡ እንዲህ ይሠራል። ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል አዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደርሶ መልሱ 1,120 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መኪናው በአንድ ሊትር 4 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብለን ብንነሣ 280 ሊትር ናፍጣ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ግን ከሻጩ አፍ አይቀበሉ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ እስከ ጎሐ ጽዮን የሚያስወጣው መንገድ በሜዳ የተለካውን ፍጆታ ስለሚያዛባው፣ ጭኖ ከተደረገ ጉዞ በኋላ በተሞላው ናፍጣ ራስዎ ይለኩት። ከዚያ የደላላውን ኮሚሽን፣ የጫኝና አውራጁን፣ የረዳቱን ደመወዝና አበል፣ የዘይትና የፊልትሮውን ይቀንሱ። ጎማን በተመለከተ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ጎማ ሲያልቅ የሚመጣ ወጪ አድርገን ስለምናስበው ነው፤ የ6ቱን ጎማዎች ዋጋ ሊቆዩ በሚችሉበት ኪሎ ሜትር አካፍሎ ከእያንዳንዱ ጉዞ ላይ ማንሣት ይገባል። ፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራና ባትሪም በዚሁ መንገድ ይታሰቡ። በመጨረሻ ለሌላ ሰው ቢያሽከረክሩ ያገኙት የነበረውን ደመወዝ ለራስዎ ይቀንሱ፤ ይህ ካልተቀነሰ ቤተሰብዎ የሚኖርበትን ገንዘብ ለመኪናው እየከፈሉ እንደ ትርፍ ሊቆጥሩት ይችላሉ።

የሚቀረው ንጹሕ ገቢ በሦስቱ ደካማ ወራት በአማካይ ስንት ነው? ወርኃዊ ክፍያው ከዚያ በላይ ከሆነ ወርኃዊው እንዲቀንስ ቅድሚያ ክፍያዎን ከፍ ለማድረግ ወይም ዘመኑን ለማራዘም ባለንብረቱን ይጠይቁ፤ ካልተቀበለ ይተዉት። የተሻለው ስምምነት በበጋ ከፍ፣ በክረምት ዝቅ ያለ ክፍያ የያዘ ነው፤ እኔ በሁለተኛው ውሌ ከሰኔ እስከ መስከረም ግማሽ ብቻ እንድከፍል ጠይቄ ባለንብረቱ ያለ ክርክር ፈቅዶልኛል። መዝገቤን ሳሳየው እርሱም ገንዘቡ እንዳይቆም የሚፈልግ ሰው ስለነበር ነገሩ ገባው።

መኪናው በእውነት ስንት እንደሚያወጣ ይወቁ

ለምሳሌ ያህል በጥሬ ገንዘብ 5,000,000 ብር የሚሸጥ መኪና 1,000,000 ብር ቅድሚያ ተከፍሎ ቀሪው በ36 ወር በየወሩ 170,000 ብር እንዲከፈል ቢቀርብልዎ፣ ወርኃዊው ብቻ 6,120,000 ብር፣ ጠቅላላው 7,120,000 ብር ይሆናል። ስለ ጊዜው የሚከፍሉት 2,120,000 ብር ነው ማለት ነው። ይህን ያህል መጨመሩ ብቻውን ውሉን መጥፎ አያደርገውም፤ ነገር ግን በባንክ ወይም በካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ተቋም (መኪናና መሣሪያ ገዝቶ በኪራይ መልክ በሚሰጥ ድርጅት) በኩል ከሚቀርበው ጋር ሳያነጻጽሩ መፈረም አይገባም። በሀገራችን ይህ ዘርፍ በካፒታል ዕቃ ኪራይ ንግድ ሥራ አዋጅ ቁጥር 103/1990 እና ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 807/2005 የሚመራ ሲሆን፣ ከግለሰብ ጋር የሚደረገው ስምምነት ደግሞ ወደ 1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይመለሳል።

ውሉ ላይ ምን ይጻፍ

የመጀመሪያውን መኪና ያጣሁበትን ልናገር። የመጀመሪያውን ክረምት በተቀማጭ ገንዘቤ ተሻገርሁት፤ በሁለተኛው ክረምት ሞተር ወርዶ መኪናው ጋራዥ ሲገባ ሁለት ወር ሳልከፍል ቀረሁ። ውሉ «ሁለት ወር ከተጓደለ መኪናው ይመለሳል፣ እስከዚያ የተከፈለውም እንደ ኪራይ ይቆጠራል» ይል ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ የከፈልሁት ገንዘብ በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሄደ፤ ቅድሚያ ክፍያው ከወንድሜ የተበደርሁት ስለነበር ሐዘኑ የእኔ ብቻ አልነበረም።

ስለዚህ ውሉ እያንዳንዱ ክፍያ ከመኪናው ዋጋ ላይ እንደሚቀነስ በግልጽ መናገር አለበት። ውሉ በማናቸውም ምክንያት ቢቋረጥ፣ መኪናው ስለተጠቀሙበት ዘመን ተገቢ ኪራይ ታስቦ ቀሪው እንዲመለስልዎ ያስጽፉ። ክፍያ ሲዘገይ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና ቢያንስ የ30 ቀን ጊዜ ይኑር። መንገድ የተዘጋበት ቀን እንዴት እንደሚታሰብም በዝርዝር ይጻፍ፤ ሕጉ ከዐቅም በላይ ስለሆነ ኃይል ቢደነግግም የዋጋ መውጣትና መውረድ ከዚያ አይቆጠርም፣ ስለ መንገድ መዘጋትም ከተካካዱ በኋላ ከመከራከር አስቀድሞ መስማማት ይሻላል። ትልቅ ብልሽት የማን ወጪ እንደሆነ፣ ሙሉ መድኑን ማን እንደሚከፍልና መኪናው ቢገለበጥ ካሳው ለማን እንደሚደርስ ይወሰን። ሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ ነገር ግን የሚሸፍነው በሌላ ሰው ላይ የደረሰውን ጉዳት እንጂ የእርስዎን መኪና አይደለም። ውሉ ሁለት ምስክሮች የፈረሙበትና በውልና ማስረጃ የጸደቀ ይሁን።

አንድ ጉዳይ ግን ለብቻው ትኩረት ይሻል፤ መኪናውን የሚሰጥዎ ሰው ጭነቱንም የሚሰጥዎ እርሱ ብቻ ከሆነ ይጠንቀቁ። በአሜሪካ ይህ ዓይነት ውል በሰፊው የተለመደ ሲሆን፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ መሠረት ጉዳዩን እንዲመረምር የተቋቋመው ግብረ ኃይል በ2025 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሪፖርት ኮንግረሱ እንዲህ ያለውን ውል እንዲከለክል መክሯል። ዕዳውንም ሥራውንም አንድ እጅ ከያዘው፣ ጭነት በመከልከል ብቻ አሽከርካሪው መክፈል እንዲያቅተው ማድረግ ይቻላል። እዚህም ስለዚህ ከሌላ የመጫን ነጻነት በውሉ ላይ ይስፈር።

መኪናውን ከመረከብዎ በፊት

የሻሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መግጠሙን፣ ቦሎው (የዓመታዊ ምርመራ ምልክቱ) ጊዜው ያላለፈ መሆኑን፣ በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤትም ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ያረጋግጡ። የራስዎን መካኒክ ይዘው ይሂዱ፤ ባዶ መኪና በከተማ አስፋልት ላይ ስለሚያታልል ጭነው በጎንደር መንገድ ከአዲስ ዘመን ከተማ በኋላ ያለውን አቀበት ያስወጡት። እዚያ የሚሞቅ ሞተርና የሚንሸራተት ፍሪሲዮን አይደበቅም።

ከተረከቡ በኋላ ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ይያዙ፣ በተቻለ መጠን በባንክ ያስገቡ፤ በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ባለንብረቱ ቢሞትና ወራሾች ቢመጡ ማስረጃ አይኖረውም። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮም ከእያንዳንዱ ጉዞ ጥቂት እየቆረጡ የሁለት ወር ክፍያ የሚሆን ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ያስቀምጡ፣ ለሞተር ካልሆነ በቀርም አይንኩት።

የመጨረሻውን ክፍያ ለመፈጸም ብቻዎን ወደ ባንክ አይሂዱ። ባለንብረቱን ከሁለቱ ምስክሮች ጋር ይዘው፣ ክፍያው በገባበት በዚያው ቀን ዕዳው መጠናቀቁን የሚገልጽ ጽሑፍ ያስፈርሙ፣ ቀጥለውም የስም ዝውውሩን ያስጀምሩ። እኔ ይህን ያደረግሁት አርብ ከሰዓት በኋላ ስለነበር ቢሮው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ደረስን፤ ሊብሬው እስኪወጣ ድረስ ግን የተፈረመውን ወረቀት ከመኪናው አላወረድሁትም።