መድኑ ከፍሎ ካዝናው ሲጎድል፦ በዶላርና በዚግ የሚሠራ ክሊኒክ ሂሳብ

በዚምባብዌ የአሜሪካ ዶላርና የአገሪቱ ገንዘብ ዚግ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ዚግ የመጣው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ነው። ከዚያ ወዲህ የግል ክሊኒክ ሂሳብ ለሚይዝ ሰው ትልቁ ራስ ምታት ሁለቱን ገንዘቦች ማስታረቅ ነው።

ምልክት፦ የጤና መድኑ የጠየቃችሁትን ሳያጎድል ከፍሏል። ገንዘቡ ግን ያለቀውን የላቦራቶሪ ኬሚካል አይተካም።

ምክንያት፦ ሂሳቡ የተመዘገበው በዚግ ነው፤ ክፍያው እስኪገባ የዚግ ምንዛሪ ዋጋ ወረደ። መስከረም 27 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) አንድ ዶላር ከ14 ዚግ ገደማ ወደ 24.4 ገደማ በአንድ ጊዜ ዘለለ። ከዚያ በፊት የ40 ዶላር ምርመራ 560 ዚግ ተብሎ ከተጻፈ፣ ከዝላዩ ማግስት የገባው 560 ዚግ የሚያወጣው 23 ዶላር ያህል ብቻ ነው። መዝገቡ ግን «ተከፍሏል» ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ክሊኒኩ እየከሰረ ወረቀቱ ንጹህ ይመስላል።

መፍትሄ፦ መድኑ በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፍል ታካሚው ካርድ ሲያወጣ ጠይቁ፤ ከሕክምና በኋላ መጠየቅ ጭቅጭቅ ነው። በዶላር ከሆነ ሂሳቡን በዶላር ከፍታችሁ በዶላር ዝጉ። በዚግ ከሆነ የክፍያ ጥያቄውን ለወር መጨረሻ አታከማቹ፣ በዕለቱ ላኩ። የዘገየው እያንዳንዱ ቀን ከእናንተ ኪስ ነው የሚወጣው። የጠፋውንም «የምንዛሪ ልዩነት» በሚል የራሱ መደብ መዝግቡት፤ አለዚያ ቀጣዩን የአገልግሎት ዋጋ በምን ታወጣላችሁ?

ምልክት፦ ማታ ካዝናው አይታረቅም።

ምክንያት፦ ብዙ ጊዜ ስርቆት አይደለም። ዝርዝር ዶላር ስለማይገኝ መልሱ በዚግ ይሰጣል፤ የጠዋቷና የከሰዓቷ ገንዘብ ተቀባይ የተጠቀሙበት ተመን ደግሞ ይለያያል። ያለጥፋቷ የምትጠረጠር ልጅ ታሳዝናለች፤ መጀመሪያ ደረሰኞቹን አገላብጡ።

መፍትሄ፦ ለሁለቱ ገንዘቦች ሁለት መሳቢያ ይኑር። የቀኑን ተመን ጠዋት አንድ ሰው ይወስን፣ መስኮቱ ላይ ይለጠፍ፣ በየደረሰኙም ላይ ይጻፍ። መልስ ከጠፋ በታካሚው ስም ቀሪ አድርጋችሁ ያዙለት።

ምልክት፦ ከፍሎ የሄደ ታካሚ «ዕዳ አለብህ» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ መድኑ በዚግ ከፍሎ፣ እሱ ልዩነቱን በዶላር ስለሸፈነና ሁለቱ ክፍያዎች ከአንዱ ደረሰኝ ጋር ስላልተያያዙ ነው። ክፍያ ስትቀበሉ የደረሰኙን ቁጥር አብራችሁ ጻፉ፤ ደውላችሁ ገንዘብ ከመጠየቃችሁ በፊትም የዶላሩንም የዚጉንም መዝገብ እዩ።