ቢራቢሮዋ ወጣች፣ ቪዲዮው ላይ ግን የለችም

የቢራቢሮን የሕይወት ዑደት በስልክ ካሜራ እየቀረጽኩ ለልጆች ሳስተምር ዓመታት ሆነኝ። የሌሎች መምህራን ቀረጻ ሲበላሽም የምጠራው እኔ ነኝ። ቻርጀሩ መሰካቱን፣ ሌንሱ መጠረጉን፣ ሚሞሪው ቦታ እንዳለው አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ቪዲዮው አለ፣ የመውጣቷ ቅጽበት የለም

አብዛኛው ጥሪ ይሄ ነው። ማታ ስልኩ ታይምላፕስ ላይ፣ ማለትም በየተወሰነ ጊዜ ፎቶ እያነሳ አጭር ቪዲዮ በሚሠራበት ቀረጻ ላይ፣ ተደርጎ ያድራል። ጠዋት ልጆቹ ሲገቡ ባዶው ቅርፊት ተንጠልጥሏል፣ ቢራቢሮዋም አጠገቡ ክንፏን ታደርቃለች። ቪዲዮው ሲከፈት ሙሽሬው፣ ማለትም አባጨጓሬዋ ወደ ቢራቢሮ የምትለወጥበት ፑፓ፣ ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ ይታያል። ከዚያ ድንገት ቢራቢሮ። መሐሉ የለም። ልጆቹ "እንዴት ወጣች?" ይላሉ፣ ዋናው ትምህርት ደግሞ እሱ ነበር።

ሰው ቶሎ ስልኩን ይወቅሳል። ስልኩ ምንም አልሆነም። አይፎን ላይ ለምሳሌ አብሮት የሚመጣው ታይምላፕስ ቀረጻው በረዘመ ቁጥር በፎቶዎቹ መካከል ያለውን ጊዜ ራሱ እያራዘመ ይሄዳል፣ ምክንያቱም የቱንም ያህል ሰዓት ቢቀረጽ ቪዲዮው አጭር ሆኖ እንዲያልቅ ነው የተሠራው። አስሉት። የ30 ሰከንድ ቪዲዮ በሰከንድ 30 ፎቶ ሲታሰብ 900 ፎቶ ነው። 12 ሰዓት ለ900 ሲካፈል በየ48 ሰከንዱ አንድ ፎቶ ማለት ነው። ቢራቢሮ ቅርፊቷን ሰንጥቃ ለመውጣት ደግሞ አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃታል። ያ ሁሉ ነገር በሁለት በሦስት ፎቶ አለቀ፣ ዓይናችሁን ስታርገበግቡ ያመልጣችኋል።

መፍትሄው በፎቶዎቹ መካከል ያለውን ጊዜ እናንተ የምትወስኑበት አፕ መጫን ነው። ሙሽሬው ዝም ባለበት ጊዜ በየ5 ደቂቃው አንድ ፎቶ ይበቃል፤ ሳምንቱ ሙሉ 2016 ፎቶ ይሆናል፣ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ የሚያልፍ ቪዲዮ። መውጫዋ ሲቃረብ ግን ታይምላፕሱን ተዉትና ተራ ቪዲዮ ቅረጹ። ሚሞሪ ይበላል፣ ይብላ!

መውጫዋን ሙሽሬው ራሱ ይነግራችኋል። የሞናርክ ቢራቢሮ ሙሽሬ አረንጓዴ ሆኖ ወርቃማ ነጠብጣቦች አሉት። ሊወጣ አንድ ቀን ገደማ ሲቀረው ይጠቁራል። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ቅርፊቱ እንደ መስታወት ሆኖ ብርቱካናማው ክንፍ ከነጥቁር መስመሩ ተጣጥፎ ይታያል። ያንን ካያችሁ በማግስቱ ማልዳችሁ ግቡ፣ ብዙውን ጊዜ የሚወጡት ጠዋት ነው።

አንዲት መምህርት ሦስት ሙሽሬ ነበራት። የሁለቱ ቅጽበት በዚሁ ምክንያት አመለጣት። ሦስተኛው ሲጠቁር ደወለችልኝ፣ በማግስቱ ልጆቹ ሳይመጡ ገብተን ቪዲዮ መቅረጽ ጀመርን። ልጆቹ እንደተቀመጡ ቅርፊቱ ከታች በኩል ተሰነጠቀ። እግሮቿ ወጡ፣ ቀጥሎ የተነፋ ሆዷ፣ ክንፏ ግን እርጥብ ጨርቅ ተጨምቆ የተተወ ነበር የሚመስለው። ከሆዷ ፈሳሹን ወደ ክንፎቿ እየገፋች ቀስ በቀስ ዘረጋቻቸው። አንዱ ልጅ "ምላሷ ሁለት ነው!" ብሎ ጮኸ። ልክ ነበር። መምጠጫዋ ስትወጣ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ እየጠቀለለች እየፈታች አንድ ታደርገዋለች። እኔ ራሴ እስከዚያ ቀን በዓይኔ አላየሁትም ነበር፣ ቪዲዮውን መልሰን አምስት ጊዜ አየነው።

ቀረጻው ሌሊት ላይ ቆሟል

ባትሪ ቆጣቢው አፑን ዘግቶታል፣ ወይ ስልክ ተደውሏል። ባትሪ ቆጣቢውን አጥፉ፣ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ።

የሳጥኑ መረብ ጥርት ብሏል፣ ሙሽሬው ደብዝዟል

ካሜራው ፎከስ የሚያደርገው ቅርቡን ነው። ሌንሱን መረቡ ላይ አስጠጉና ሙሽሬውን በጣታችሁ ተጭናችሁ ፎከሱን ቆልፉት። ብርሃኑም አብሮ ካልተቆለፈ ቪዲዮው ብልጭ ድርግም ይላል።

የማይክሮስኮፑ ምስል ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል

የርካሽ ዩኤስቢ ማይክሮስኮፕ ስታንድ ነው ችግሩ። የራሱን ክብደት እንኳ አይችልም። አንድ ሚሊሜትር የምታህል እንቁላል ለማሳየት እየሞከራችሁ ግማሽ ሚሊሜትር ከወረደ አለቀ። ስታንዱን ጣሉትና ማይክሮስኮፑን በከባድ ነገር ላይ እሰሩት። ኮምፒውተሩ የራሱን ካሜራ ካሳያችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ካሜራውን ቀይሩ።

ክንፏ እንደተጨማደደ ደርቋል

ይሄ ከቪዲዮ መበላሸት ይብሳል፣ አይስተካከልምና፤ እንዲህ የሆነች ቢራቢሮ አትበርም። አንዱ ምክንያት ቀረጻው ደመቅ እንዲል ተብሎ የሚጠጋው የሚያቃጥል አምፖል ነው። ሙሽሬውን ያደርቀዋል። ኤልኢዲ ተጠቀሙ፣ እሱንም ራቅ አድርጉት። ሳጥኑን ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ። ሙሽሬውን "ለካሜራ ይመቻል" ብላችሁ ከተሰቀለበት አትንቀሉ፣ ስንት ጊዜ ነው የምናገረው! ቢራቢሮዋ ተንጠልጥላ ክንፏን የምትዘረጋበት ክፍት ቦታም ያስፈልጋታል፤ ስልኩን ወይም ስታንዱን ከሥሯ አታስቀምጡ። ከወጣች በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ማንም አይንካት።

ከሥሯ ቀይ ፈሳሽ ሲንጠባጠብ ልጆች ደም መስሏቸው ያለቅሳሉ። ደም አይደለም፣ ሙሽሬ ሳለች የተጠራቀመ ቆሻሻ ነው። ቀረጻውን ሳትጀምሩ ንገሯቸው።