«ጌት» እና «ቴክ»ን ስታነጻጽሩ የምትሠሯቸው ስህተቶች

የሁለት እንግሊዝኛ ግሶችን ፍች አነጻጽሩ ሲባል፣ ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ያለ ተማሪ ደብተሩን መሃል ለመሃል ያሰምርና በግራ «ጌት ማለት ማግኘት»፣ በቀኝ «ቴክ ማለት መውሰድ» ብሎ ይጽፋል። ንጽጽሩ እዚያው ላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ የአማርኛዎቹን ቃላት ማነጻጸር ነው። ሌላውን ስህተት ሁሉ የሚወልደው ይህ ስለሆነ እባካችሁ አትሥሩት።

የድሬዳዋን ቀትር ተመልከቱ፤ «ኢት ጌትስ ሆት» ይባላል። ማን ምን አገኘ? ማንም ምንም አላገኘም፣ ሞቀ እንጂ። «ጌት ሆም» ቤት መድረስ ነው። «አይ ጌት ኢት» ገባኝ ነው። «ጌት ማሪድ» ማግባት ነው። አራቱም ውስጥ «ማግኘት» ብትሉ ዓረፍተ ነገሩ ይበላሻል። ደከመኝ፣ ራበኝ፣ መሸ የሚሉትን አማርኛ በአንድ ግስ ይጨርሳቸዋል፤ እንግሊዝኛ ግን «ጌት»ን ከቅጽል ጋር አጣምሮ ይላቸዋል። ስለዚህ በትርጉሙ ውስጥ ለ«ጌት» የሚሆን የተለየ ቃል መፈለግ የለባችሁም፤ ግሱ ራሱ ይዞታል።

«ቴክ» የሚያሳስተው ደግሞ አማርኛው ለጥቂት ጊዜ አብሮት ስለሚሄድ ነው። መድኃኒት ይወሰዳል፣ ፈተና ይወሰዳል፣ ከድሬዳዋ ሐረር በሚኒባስ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ፎቶ ግን ይነሳል፣ ማስታወሻ ይያዛል፣ ሻወር ሲሆን መታጠብ ነው። አማርኛው ግስ በለወጠ ቁጥር «ቴክ» አዲስ ፍች አገኘ ብሎ መቁጠርም ስህተት ነው። በፎቶና በሻወር ላይ ዋናውን ፍች የተሸከመው ስሙ ነው፤ «ቴክ» እዚያ «አደረገ» ከማለት ብዙም አያልፍም። እነዚህን በአንድ ምድብ አስቀምጧቸው።

ከግሱ ቀጥሎ የሚመጣውን አለማየት ሌላው ስህተት ነው። ለእያንዳንዱ ግስ ሃያ ያህል ዓረፍተ ነገር ሰብስቡና በሚከተለው ቃል ዓይነት ደርድሯቸው። «ጌት»ን ስም ሲከተለው ማግኘት፣ መቀበል ወይም ማምጣት ይሆናል፤ ቅጽል ሲከተለው መሆን፤ ቦታ ሲከተለው መድረስ። «ቴክ» ከጥቂት የተለመዱ አባባሎች በቀር ቅጽል አይከተለውም። ተገብሮ ላይም ይለያያሉ፦ «ቴክ» በቀላሉ ይገለበጣል፣ «ጌት» ግን በተለመደው አነጋገር ብዙም አይገለበጥም። ይህን ሠንጠረዥ ያልሠራ ሰው ስለ ልዩነታቸው የሚናገረው ግምት ነው።

ከ«ጌት» በኋላ ስም፣ ከስሙ በኋላ ደግሞ የተደረገውን የሚያሳይ ግስ ሲመጣ በአማርኛ «አስ» የሚለው ቅጥያ ነው። «አይ ጎት ዘ ሃውስ ፔይንትድ» ያለ ሰው ቤቱን አስቀባ እንጂ አልቀባም። «ቀባሁ» ብሎ የሚተረጉም ተማሪ የቀቢውን ድካም ለቤቱ ባለቤት ሰጠው ማለት ነው።

በሽታ ላይ ባለቤቱ ይገለበጣል። በአማርኛ ወባ ሰውን ይይዘዋል፤ በእንግሊዝኛ ሰውዬው ነው ወባን «ጌት» የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋን የመታው የደንጌ ትኩሳት ሲወራም እንደዚያው ነው። «ደንጌ ያዘኝ»ን ቃል በቃል ያሻገረ ተማሪ ደንጌን ባለቤት አድርጎ ይጀምርና መጨረሻው ይጠፋዋል።

«ቴክ ኦፍ» እና «ጌት ኦፍ»ን ከዋናው ግስ ፍች ጋር አትደባልቁ፤ የራሳቸውን ዝርዝር ክፈቱላቸው። የሐረሪ ቤት ሲገቡ ጫማ ማውለቅ «ቴክ ኦፍ» ነው፣ ተሳቢ ይፈልጋል። አውሮፕላን ሲነሳም «ቴክ ኦፍ» ነው፣ ተሳቢ የለውም። «ጌት ኦፍ» ከአውቶቡስና ከባቡር መውረድ ነው፤ ከባጃጅና ከመኪና ሲሆን ግን «ጌት አውት» ይባላል። አማርኛው ለሁሉም «ወረደ» ስለሚል ተማሪው ልዩነቱ አይታየውም።

«ሃቭ ጎት» አለኝ ማለት ነው፤ አሜሪካኖች «ሃቭ ጎተን» ሲሉ ግን አገኘሁ ወይም ሆንኩ ማለታቸው ነው።

የቃሉን ዘር ቆጥሮ የዛሬውን ፍች መወሰን አይቻልም፤ ሁለቱም ግሶች ወደ እንግሊዝኛ የገቡት ከጥንታዊ ኖርስ ነውና ዘራቸው አይለያቸውም።

የመጨረሻው ስህተት አለመቀያየር ነው። በአንዱ ቦታ ሌላውን አስገቡና ምን እንደሚሆን እዩ። ዓረፍተ ነገሩ ከተሰበረ ፍቹ የአንዱ ብቻ ነው፦ «ጌት ሆት» ይባላል፣ «ቴክ ሆት» አይባልም። ካልተሰበረ ግን ከተለወጠ፣ ንጽጽሩ ያለው እዚያ ነው፦ «ጌት ኤ ባጃጅ» ባጃጅ ፈልጎ ማግኘት፣ «ቴክ ኤ ባጃጅ» በባጃጅ መሄድ። ከድሬዳዋ ጅቡቲ በባቡር ለሚሄድ ሰው ሁለቱም ግሶች ይሠራሉ፣ ፍቻቸውም ይቀራረባል፤ ብቻ «ጌት» ሲባል ባቡሩ ሳይሄድ መድረስም ሊሰማበት ይችላል፣ «ቴክ» ውስጥ ግን ይህ የለም።