የወንዝ ግጥም ስታነቡ መጀመሪያ ግሱን ያዙ

ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ ስትገቡ ጥቁር ውሃን ታልፋላችሁ። ወንዙ ከጨለለቃ ረግረግ ተነስቶ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። አንድ ገጣሚ ይህንን ወንዝ «እየተንዶቀዶቀ» ብሎ ቢጽፍልን፣ እኛ የሐዋሳ ሰዎች ወዲያው እንቢ እንላለን። ረግረግ አቋርጦ ለጥ ባለ ሜዳ የሚሄድ ውሃ አይንዶቀዶቅም።

በአማርኛ የውሃ መልኩ ያለው ከቅጽሉ ይልቅ ግሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ውብ»፣ «ድንቅ» የሚሉትን ለጊዜው እለፏቸው። እርሳስ ያዙና ውሃው ያደረገውን ብቻ አስምሩበት። ለምሳሌ እንዲሆነን ሁለት ስንኝ ልጻፍ፦

ከተራራው ወርዶ ሲንዶቀዶቅ ውሎ፣
ሜዳው ላይ ሲደርስ ግን ተኛ ድምፁን ጥሎ።

ምጣኔው ወል ቤት የሚባለው ነው፤ ስንኙ ለሁለት ሐረግ ይከፈላል፣ በየሐረጉም 6 ቀለም (በአንድ ትንፋሽ የሚባል የቃል ክፍል) አለ። አሁን «ሲንዶቀዶቅ»ን አውጡና «ሲንቆረቆር» አስገቡ። ቀለሙ እኩል ነው፣ ቤቱም አይሰበርም፤ ውሃው ግን ሌላ ውሃ ሆነ! ተንዶቀዶቀ ስንል ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ የሚወርድ፣ ከሩቅ የሚሰማ ብዙ ውሃ ነው፤ ተንቆረቆረ ስንል ደግሞ ከጀበና እንደሚቀዳ ቡና ቀጥኖ የሚወርድ። «ሲንፎለፎል» ብትሉስ? ገና ከመሬት እየወጣ ያለ ምንጭ ይታያችኋል፣ ያኔ «ከተራራው ወርዶ» ከሚለው ጋር ይጋጫል። አንድ ቃል በቦታው መሆኑን ለማወቅ እኔ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላገኘሁም።

ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። «ዶቅ ዶቅ» ጉሮሮ ላይ ይመታል። «ኮለል» ስትሉ ግን ምላስ ሳይደናቀፍ ያልፋል።

«ተኛ» የሚለውንም እዩት። የሚተኛው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ግስ ሲያጋጥማችሁ ገጣሚው ለውሃው ምን ጠባይ እንደሰጠው ጠይቁ፣ የግጥሙ ስሜት ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው። «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» የሚለውን አባባል አስቡት፤ ስለ ጥልቀቱም ስለ ፍጥነቱም ምንም አይነግረንም፣ ግን ማሳሳቁና መውሰዱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያስፈራሉ። ዓባይንም «ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ስንል አንድም ቅጽል የለበትም፣ መንከራተቱ ግን ይታየናል።

ቅጽል ይቅር ማለቴ አይደለም። «ድፍርስ» ካለ ዝናብ አፈር አጥቦ አስገብቷል ማለት ነው፣ «ኩልል ያለ» ካለ ደግሞ ታቹ ጠጠሩ ይታያል። ሥራ ያለው ቅጽል እንዲህ ነው።

አሁን ራሳችሁ ሞክሩት። ጥቁር ውሃ ድልድይ አጠገብ 10 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተመልከቱና 3 ግስ ጻፉ። ሐይቁ ዳር ስትደርሱ ግን «ይፈሳል»ን ተዉት። ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ እዚያ የሚያስፈልጋችሁ «ተንጣለለ»፣ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ «ተናወጠ» ነው።